ነፋስ ለቃሚው ኮከብና የይማም ሽማግሌዎች

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ይማም የሚለውን ስም የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል። "የሙከይፉ ሰውዬ" ካላችሁ ግን የሰፈሩ ፍየል ሳትቀር ቤቱን ታሳያችኋለች። ሙከይፍ ማለት ያ በየመስኮቱ ከውጭ በኩል የተንጠለጠለው የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ሦስት ጎኑ ገለባ፣ ሥሩ ውኃ፣ መሐሉ ማራገቢያ። ፓምፑ ገለባውን ያረጥበዋል፣ ማራገቢያው የውጩን እሳት በእርጥቡ ገለባ በኩል እየሳበ ቤት ውስጥ ሲተፋው ቀዝቃዛ ነፋስ ይሆናል። ግንቦት ላይ ካርቱም ውስጥ ሰው ከሚስቱ ጋር ቢጣላ ሽማግሌ ይጠራል፤ ሙከይፉ ሲቆምበት ግን ይማምን ነው የሚጠራው፣ ያውም እየጮኸ።

ይማም ካርቱም የገባው ገና በሦስት ዓመቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር አደገ፤ ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ተወው፣ እሱ እንደሚለው ደግሞ ትምህርቱ ነው እሱን የተወው። እናቱ ከሞተች ወዲህ አማርኛውን የሚያርምለት ስለሌለ የጎደለውን በዐረብኛ ይጠግነዋል። ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ እጁ ብልህ፣ አፉ ግን ፍሬን የለውም።

ያ አፍ ድሮ ስለ ኳስ ብቻ ነበር የሚያወራው። ኋላ ዶክተር አብዱልሰላም የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ቤት ገለባ ሊቀይር ሄደ። ሽማግሌው ወንበራቸውን መሰላሉ ሥር አስጠግተው፣ "ያ ዞል፣" አሉት፣ አንተ ሰውዬ ማለታቸው ነው፣ "አንተ ነፋስ ትጠግናለህ። ሰማይ ላይ ነፋስ እየለቀመ የሚኖር ኮከብ እንዳለ ታውቃለህ?"

"ወሏሂ አላውቅም።"

ዶክተሩ አቧራ በለበሰው ቆርቆሮ ላይ በጣታቸው አንድ ትልቅ ክብ ሣሉ፣ አጠገቡ አንድ ነጥብ አደረጉ። ክቡ ከፀሐይ ሃያ እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ነው አሉት። ከብርሃኑ ብርታት የተነሣ የገዛ ገላውን መያዝ ያቅተውና ቀን ከሌት ነፋስ ሲተፋ ይኖራል፣ በሰከንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ነፋስ። ነጥቡ ደግሞ ኒውትሮን ኮከብ ይባላል። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ከመሐል ከተማው ገበያ ከሱቅ ዐረቢ ተነስቶ ሐጅ ዩሱፍ ዳር ድረስ ቢሆን ነው። ትልቁን እየዞረ ከሚተፋው ነፋስ ትንሽ ትንሽ ይለቅማል፣ የለቀመው ሲወድቅበት እየጋለ ሐኪም ቤት አጥንት የሚያነሱበትን ዓይነት ራጅ ወደ ሰማዩ ይረጫል።

ይማም ከመሰላሉ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ገለባው ሳይቀየር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቡሪ ሰላም አጣች። ይማም ሞተር ሊያይ የገባበት ቤት ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ ስለ ኮከብ ያወራል፣ ሻዩ ከመጣ በኋላ ደግሞ የባሰ ነው። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዱት እሱ ሲሳፈር ሬዲዮ ከፍ ያደርጋሉ። ሱቅ ዐረቢ ብሎን የሚሸጥለት ነጋዴ፣ ገና ከሩቅ ሲያየው፣ "ዋጋውን ቀንሼልሃለሁ፣ ኮከቡን ተወኝ" ይለዋል። አንድ ሰው ብቻ ነው እስከ መጨረሻው የሰማው፤ እሷም ዘሃራ ናት።

ዘሃራ ከወሎ የመጣች፣ ቡሪ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ልጅ ነች። ያን ቀን ልብስ እያሰጣች አዳመጠችው፤ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

"እሺ፣ ትንሹ ነፋሱን ከበላ በኋላ ምን ያደርጋል?"

"ያበራል!"

"ይኸው፣" አለች መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ፣ "በልቶ የሚያበራ ወንድ ዛሬ ገና ሰማሁ። እኔ የማውቃቸው በልተው ነው የሚተኙት።"

ይማም በዚያች ደቂቃ አለቀለት። ዘሃራም፣ ምን ትደብቃለች፣ ወደደችው። ግን አባቷ ስለሞተ በእሷ ነገር ቃል ያለው አጎቷ ነው። እሷም ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። "ሽማግሌ ላክ። አጎቴ እሺ ካለ ያንተ ነኝ። እምቢ ካለ ግን የጉዞ ወረቀቴ ተጠናቋል፣ በሚመጣው ወር ጂዳ ነኝ። ሰው ቤት ሆኜ ኮከብ ስቆጥር አላረጅም።"

አጎቷ ሐጂ ሙሐመድአወል ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ቪላ ዘበኛ ነበር፣ አሁንም ዘበኛ ነው። ነጋዴው ግን ካይሮ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሐጂ በነዚህ ስድስት ዓመታት ከበሩ ቤት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን በየደረጃው ገብቷል። አሁን የነጋዴውን ሶፋ ተደግፎ፣ የነጋዴውን መቁጠሪያ እየቆጠረ፣ የሐበሻውን ሁሉ ጉዳይ የሚፈርድ ትልቅ ሰው ሆኗል። ሲናገር መቋጫ የለውም። ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠው "እውነት ነው ሐጂ፣ ልክ ነው ሐጂ" ይላሉ፤ ሲነሱ ኪሳቸው ውስጥ ስኳር ወይም የሥራ ተስፋ አይጠፋም። ይማምን ለሁለት ዓመት የሙከይፍ ጠጋኙ አድርጎታል፤ ስሙን ግን አንድ ቀን ጠይቆት አያውቅም።

ይማም ዘመድ ስለሌለው ሁለት ሰው ለመነ። አንደኛው ሐጅ ዩሱፍ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩት ሼህ ጂብሪል ናቸው። ሁለተኛው ሱቅ ዐረቢ ልብስ የሚሰፋው ጎንደሬው ጋሽ ምንዳዬ ነው፤ ማተቡን አስሮ የእስላም ሰርግ ሽምግልና መሄድ የለመደ፣ "ወሎ ድሮም እንዲህ ነው" እያለ። ዋዜማውን ይማም ሁለቱን ቁጭ አድርጎ፣ ስለ ራሱ ይነግራቸዋል ሲሉ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ኮከብ ነገራቸው። ጋሽ ምንዳዬ ግማሹን እንቅልፍ ወሰደው።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ግንቦት፣ አንድ ዐርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። በወጉ ሙሽራ ሽምግልናው ቦታ ድርሽ አይልም። ይማምም ቤቱ ጋደም ብሎ ጣሪያ እያየ፣ "አሁን ደረሱ፣ አሁን አንኳኩ" ሲል ስልኩ ጮኸ።

"አንተ የሙከይፍ!" ሐጂ ሙሐመድአወል ነው። "ሙከይፉ ቆመብኝ! ሽማግሌዎች እየመጡብኝ ነው። አሁኑኑ ና፣ ያላ!"

ይማም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ቢሄድ ነውር፤ ባይሄድ ደግሞ ያ ሳሎን ዐርባ አምስት ዲግሪ ነው። በዚያ ሙቀት የተጠየቀ ሰው የገዛ ልጁን ለገዛ ወንድሙ ልጅ አይሰጥም። ከውጭ ነው የምሠራው፣ ማን ያየኛል? አለና መሰላሉን ረክሻ ላይ ጭኖ በረረ።

በግቢው ጀርባ ዞሮ ወጣ። የጎኑን ገለባ ነቀለ፣ ማራገቢያውን ፈትቶ አወረደ፣ እስከ ደረቱ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። አሁን በእሱና በሳሎኑ መካከል ያለው ቀጭን የእንጨት ፍርግርግ ብቻ ነው። የሚታየው ምንጣፍና ሦስት ጥንድ እግር፣ የሚሰማው ግን ሁሉም ነገር ነበር።

"ተቀመጡ እንጂ፣" ይላል ሐጂ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣" ይላሉ ሼህ ጂብሪል። "የልጅ ነገር ነው ያመጣን። ዘሃራን ለልጃችን ለይማም ብለን ነው።"

"ይማም የሚባል አላውቅም። ሥራው ምንድን ነው?"

ጋሽ ምንዳዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "የነፋስ መሐንዲስ ነው።"

"የምን?"

"የአየር ጉዳይ ነው ሐጂ። ግማሹ ቡሪ በሱ ነው የሚተነፍሰው።"

ሣጥኑ ውስጥ ይማም ደስ አለው። እህት ብትኖረኝ ለዚህ ሰውዬ ነበር የምድራት፣ አለ በልቡ።

"ትምህርቱስ?"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አራተኛ ክፍል ተብሎ አይነገር። ሼሁ ቀደሙ። "ከዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጋር ነው ውሎው። ስለ ኮከብ ይመካከራሉ።"

የሐጂ መቁጠሪያ ቀጥ አለ። "ኮከብ ቆጣሪ ነው? ሼሃችን፣ እርስዎ ቁርኣን አስቀሪ ሆነው ጠንቋይ ያመጡልኛል? የልጅቱንና የሱን ስም ደምሮ ኮከባቸው ገጠመ ሊለኝ ነው?"

"ኧረ አይቆጥርም!" አለ ጋሽ ምንዳዬ ደንግጦ። "አንድ ኮከብ ብቻ ነው የሚያውቀው።"

"አንዱስ ቢሆን ምን ይሠራለታል?"

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሼህ ጂብሪል ከዋዜማው የሦስት ሰዓት ወሬ ትዝ ያላቸውን ሰበሰቡ። "አንድ ትንሽ ኮከብ አለ። ትልቅ ኮከብ አጠገብ ይጠጋል። ተጠግቶ... ይጠባዋል።"

"ይጠባዋል?"

"እስኪደርቅ።"

ይማም ገለባ ነክሶ ያዘ። አይጠባም! አይጠባም እኮ! ስንቴ ነገርኳቸው!

ሐጂ ሶፋው ላይ ወደ ኋላው ተደገፈ። "ታድያ ልጁ ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ በገዛ አፉ ነግሯችኋላ! ትልቁ ማን ነው? እኔ። ተጠጊው ማን ነው? እሱ። በሉ ስሙኝ፤ ልጃችን ገና ናት፣ ዘመድ አልተማከረም፣ የምንድራት ልጅም የለችን።"

ወግ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ "የለችንም" ተብሎ ነው የሚሸኘው፤ ሁለተኛም ይመላለሳል፣ ሦስተኛው ላይ ነው እሺ የሚባለው። አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ እንዲያውም ልጅቷ ምን ጉድ አለባት ይባላል። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ኮከቡ ትንሽ ቢያሳፍራቸውም "እንመለሳለን ሐጂ" ሊሉ ዱላቸውን አንስተው ነበር። ይህን ወግ ግን ለይማም ማን ነግሮት? እናቱ ቀድማው ሄዳለች፤ ሽማግሌዎቹም ሐበሻ ሆኖ ይህን የማያውቅ አለ ብለው አላሰቡም። ጎረቤቶቹ ሱዳኖች ተጠያይቀው በአንድ ከሰዓት ፋቲሃ ሲቀሩና ጋብቻውን ሲቋጩ ነው ሲያይ የኖረው። ለሱ እምቢ ማለት እምቢ ነው። ዘሃራ ጂዳ ስትሳፈር ታየችው።

"አይጠባም!"

ሙከይፉ ነው የጮኸው። ሐጂ "አዑዙ ቢላህ!" ብሎ እግሩን ሶፋ ላይ ሰበሰበ። ጋሽ ምንዳዬ አማተበ።

"አይጠባም ሐጂ! የሚጠባ ዓይነትም አለ፣ አልክድም፣ እሱ ሌላ ነው! ይኼኛው የሚለቅመው የተተፋውን ነው!" ፍርግርጉ ተሰበረና አቧራ የለበሰ፣ ጆሮው ላይ ገለባ የሰካ ጭንቅላት ወደ ሳሎኑ ብቅ አለ።

"አንተ የሙከይፉ!" አለ ሐጂ። "ምን አግብቶህ?"

"ይማም እኔ ነኝ!"

ጋሽ ምንዳዬ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ይማም ግን አንዴ ተከፍቷል። "ሐጂ፣ ሐቡብ ሲመጣ አይተው የለም? ያ የአቧራ ማዕበል መብራት ግንዱን በግራና በቀኝ ታክኮ ያልፋል አይደል? በነጋታው አሸዋው የት ነው የሚገኘው? ከግንዱ ጀርባ! ትንሹ ኮከብም እንደዚያ ነው። ነፋሱ በሁለት ጎኑ ሲያልፍ በክብደቱ ያጎብጠዋል፣ ከጀርባው ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ፍጥነታቸው ይሰበራል፣ ያኔ ይወድቅለታል። ያውም ሁሉም አይደለም! የፈጠነው አይያዝም። ሱቅ ዐረቢ የሚበር ሚኒባስ ላይ ማን ይሰቀላል? ዘግየት ያለው ላይ ነው! ከሺህ አንድ ቢያገኝ ነው፣ ሐጂ፣ ብዙ ጊዜ ያንንም አያገኝም! አንዳንዴ ነፋሱ እየጓጎለ ይመጣል፣ ያን ቀን ድግስ ነው፣ ቦግ ይላል። አንዳንዴ ይሳሳል፣ ያን ቀን ጦሙን ያድራል። ማንንም ግን አያደርቅም!"

ሐጂ በቀስታ ተነሣ። አሁን ፊቱ የወግ እምቢታ ፊት አይደለም፣ የእውነቱ ነው።

"ሙሽራ፣" አለ፣ "በገዛ አፉ። በመስኮት። እንዲህ ያለ ነውር እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ስኖር አላየሁም። ሼሃችን፣ ከዛሬ በኋላ በዚህ ጉዳይ በሬ እንዳይንኳኳ።"

ይማም ምን እንዳበላሸ አሁን ገና ገባው።

ያኔ ነው ከጓዳ ሳቅ የፈነዳው። ዐርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ዘሃራ እዚያው ሻይ ልታፈላ መጥታ ነበር። "ጦሙን ያድራል" ካለ ጀምሮ አፏን በሻሿ አፍና አፍና አልቻለችም፤ እስከ ሳሎኑ የሚሰማ ረጅም ሳቅ ሳቀች። ልትታጭ የተጠየቀች ልጅ ሽማግሌ ፊት ስትስቅም እንዲሁ ታይቶ አይታወቅም።

ሼህ ጂብሪል ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና በዕርጋታ፣ "ሐጂ፣" አሉ፣ "የኛ ልጅ በመስኮት ተናገረ፣ ነውር ነው። የናንተ ልጅ በጓዳ ሳቀች፣ እሱም ነውር ነው። ነውር በነውር ተጣፋ።"

"ደግሞ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል ካልን፣" አለ ጋሽ ምንዳዬ ከባርኔጣው ሥር፣ "እኛ በበር መጣን፣ ልጁ በመስኮት መጣ፣ ልጅቷ በጓዳ መጣች። ሦስት ጊዜ ሞላ እኮ።"

ሐጂ አንዴ ጓዳውን፣ አንዴ መስኮቱን አየ። ልጅቱ ከሳቀች ወዲያ "እኛ ነን የከለከልነው" ቢባል ማን ያምናል? ሽማግሌዎቹ ስትስቅባቸው ትተዋት ሄዱ ነው የሚባለው። ነገ ሐጅ ዩሱፍ በሙሉ ይህን ሳቅ ያወራዋል። ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ክብሩን የሚያነሳበት ቦታ ይፈልግ ጀመር።

"እስቲ አንተ ልጅ። ከሺህ አንድ ነው የሚወስደው ያልከው?"

"ከሺህ አንድ፣ ሐጂ። አንዳንዴ ከዐሥር ሺህ።"

"የቀረውስ?"

"ባዶ ሜዳ ላይ ተበትኖ ይቀራል።"

"አያችሁ?" አለ ሐጂ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ ድምፁ ወፈር እያለ። "እኔም እንዲሁ ነኝ። ስንቱን ለሰው ስሰጥ የት እንደሚገባ አላውቅም። የሚለቅመው አንድ፣ የሚበተነው ሺህ!"

"እውነት ነው ሐጂ፣" አሉ ሼሁ።

"ልክ ነው ሐጂ፣" አለ ጋሽ ምንዳዬ።

"ትንሹ ባይኖርስ? ትልቁ ነፋሱን ያቆማል?"

"አያቆምም። ብቻውን ይተፋል። ያንን ሁሉ ራጅ የሚያበራው ግን ትንሹ ስላለ ነው፤ ከሩቅ ያሉ ሰዎች ሁለቱን የሚያገኟቸው በዚያ ነው።"

ሐጂ ይህን ወደደው። ፂሙን ዳሰሰ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ ጠየቀ። "ይኼ ትልቁ፣ እንዲህ እየሰጠ፣ እየሰጠ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?"

ይማም መልሱን ያውቀዋል። ዶክተሩ ነግረውታል። ነዳጁን ይጨርሳል። ያ ሁሉ ግዝፈት የሚደግፈው ያጣና በራሱ ላይ ተንዶ ይፈነዳል። ትንሹም ድሮ እንዲሁ ትልቅ ነበር፣ ቀድሞ ስለፈነዳ ነው ያነሰው። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደግሞ ምላሱ ጫፍ የደረሰ ነገር ተመልሶ አያውቅም። ጋሽ ምንዳዬ ያለ ጉንፋን ሳለ። ሼህ ጂብሪል ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዘሃራ የጓዳው በር ላይ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማ፣ ሳቋን ረስታ፣ ዐይን ዐይኑን አየችው።

ይማም አፉን ከፈተ። ዘጋ። ዋጠ። ጉሮሮው ሲወርድ በፍርግርጉ ቀዳዳ ታየ።

"እሱን እንኳ... አላህ ያውቃል፣ ሐጂ።"

"ሱብሐነላህ!" ሐጂ ጭኑን መታ። "ልኩን የሚያውቅ ልጅ ነው! እዚህ ድረስ ተምሮ፣ የማያውቀውን አላውቅም አለ! በሉ ተቀመጡ። ያላ፣ ፋቲሃ እንቅራ።"

ሽማግሌዎቹ በእፎይታ ሶፋው ላይ ወደቁ። ሼሁ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሐጂ ዘረጋ፣ ጋሽ ምንዳዬም እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ይማም ሁለት እጁን በቀዳዳው አሹልኮ ወደ ሳሎኑ ዘረጋቸው፤ ጥርሱን ግን ገጥሞ እንደያዘ ነበር፣ አሚን እስኪባል ድረስ አልከፈተውም።